የግራ ክንዱ ፈረስ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬ ሃያ ሁለተኛውን ጨረስኩ። ሠላሳ ስምንት ይቀራል። ዓይኔ ቀልቷል፣ ጣቴ ሰማያዊ ክር በሰማያዊ ክር ሆኗል።

ይሄን ደብተር የሰጠችኝ ትሕትና ናት። ካለፈው ዓመት የተረፈ የሒሳብ ደብተር። «እማዬ፣ ከማሽኑ ጋር ከምታወሪ እዚህ ላይ ጻፊ» አለችኝ። ከማሽን ጋር አወራለሁ እንዴ? አወራለሁ መሰለኝ። እስከ ስምንተኛ ነው የተማርኩት፤ ለራሴ ለመጻፍ ይበቃል። ባሌ ታረቀም ለእህል ሥራ ጉንደ ወይን ከወረደ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው ብቅ የሚለው። ከማን ጋር ላውራ?

የምጠልፈው የትምህርት ቤቱን የካዴት ቡድን የክንድ ምልክት ነው። ልጆቹ «ባጅ» ይሉታል። ዘንድሮ ነው የተጀመረ፤ ካኪ ሸሚዝ፣ ቆብ፣ ቀበቶ፣ ሰልፍ። ምልክቱን የሣሉት አሠልጣኛቸው ሃምሳ አለቃ ደመላሽ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ወታደር። ወረቀቱን ሲያመጡልኝ እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው ይዘው ነው።

«ወይዘሮ እስከዳር፣ ይሄ ጌጥ አይደለም። ንግግር ነው» አሉኝ።

ከዚያ በጣታቸው እየነኩ አስረዱኝ። ጋሻው ደካማን መከለል። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ጮቄ። ከተራራው የሚወርደው ሰማያዊ ክር ውሃው ነው፤ ከፍ ያለ ሰው ላለው ለሌለው ያጠጣል ማለት ነው አሉ። የጤፍ ዘለላው የወላጆቻቸው ላብ። የተከፈተው መጽሐፍ ያው ግልጽ ነው። በመጨረሻ ፈረሱን ነኩት፤ ድምፃቸው ራሱ ተለወጠ።

«ፈረሱ ሁልጊዜ ከለበሰው ልጅ ጋር ወደ ፊት ነው የሚሄደው። ወደ ኋላ ከዞረ ሸሸ ማለት ነው። የሸሸ ፈረስ ክንዱ ላይ ያደረገ ሰው ደግሞ ፈሪ ነው።»

ወደድኳቸው። እኔ የለመድኩት «ቶሎ ጥለፊልኝ» ባይ ነው። አንድ ሰው ለክር ይሄን ያህል ሲጨነቅ…

ትሕትና ደግሞ ማታ ስለ ሕጋቸው አወራችኝ። አንዱ የሌላው ልብስ ላይ ስህተት ካየ፣ የወለቀ ቁልፍም ይሁን የተጣመመ ባጅ፣ «ፈረስ!» ብሎ መጮህ አለበት። ይሄኔ ሁሉም እግሩን መትቶ ቀጥ ይላል። ስህተት ያለበት ከሰልፍ ይወጣና «ግባ» እስኪባል ቆሞ ይቆያል።

«አለቃም ቢሆኑ?» አልኳት።

«ማንም ቢሆን ይላሉ። ራሳቸውም ቢሆኑ።»

ከስድሳው ልጅ መሪ ሆና የተመረጠችው የኔዋ ናት። ዘጠነኛ ክፍል ሆና ከአሥረኞቹ በላይ! የመሪዋ ባጅ ዙሪያው ቀይ ነው፤ ሌሎቹ በቀኝ ክንዳቸው፣ እሷ በግራዋ ነው የምታደርገው። ግራ የልብ ወገን ስለሆነ ነው አሉ። የሷን መጨረሻ ላይ እሠራዋለሁ፤ አሳምሬ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

አለቀ! ስድሳውም። አምሳ ዘጠኙን ጠዋት ወስዳ አስረከበች። የሷን የጨረስኩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ በእግር ማሽኑ።

ለብሳ በር ላይ ቆመችልኝ። ቆቧንም አድርጋ። ዞር ብላ ክንዷን አሳየችኝ። «እማዬ፣ ልክ ነው?» አለች።

ልክ ነው አልኳት።

ጀርባዬ ተቆርጧል። ልክ ነው ካልኩ እንግዲህ… ተይው እስከዳር። ተኚ።

ሰኞ፣ የካቲት 9

የጾሙ መጀመሪያ። ልጄ ቀኝ እጇን ግራ ክንዷ ላይ ጭና መጣች። ዛሬ አልችልም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ያፍነኛል።

ትናንት ጠዋት ባጁን ለመጀመሪያ ጊዜ አድርገው ባንዲራ ሊሰቅሉ ተሰለፉ። ሰውዬው በሰልፉ ዳር እየሄደ አየ፣ አየ፣ የኔዋ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ፈረስ ወዴት ነው የሚሄደው?»

አጎንብሳ አየች።

«ወዴት ነው አልኩ?»

«ወደ ኋላ ነው፣ አለቃ።»

ከዚያ ባጁን ይዞ ሳበው። እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ክሬ እንደዋዛ አይበጠስም። ሁለቴ ነው የሳበው። በሁለተኛው ከሸሚዙ ጋር ተቀደደ። የልጄ ክንድ እስከ ብብቷ ተራቆተ። በሰባት መቶ ተማሪ ፊት! «ፈሪ መሪ አያስፈልገንም» ብሎ ማርቲ የምትባለውን ልጅ አወጣና በቦታዋ አቆማት። የኔዋን ከቡድኑም አስወጣት።

ይሄን ሁሉ የነገረችኝ የክፍል ጓደኛዋ ናት። የኔዋ አልተናገረችም። አላለቀሰችም። ሸሚዙን አውልቃ አጣጥፋ ማሽኔ ላይ አስቀመጠችው። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እሳቸው እሳቸው ስል ከረምኩ። ከዛሬ ጀምሮ እሱ ነው። ደመላሽ።

ስለ ፈረሱ… ስለ ፈረሱ ዛሬ አልጽፍም።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ሄድኩ። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ በሰላም ላናግረው። ቢሮው ውስጥ ጫማውን ይወለውላል።

«አለቃ፣ ልጅ እኮ ናት።»

«ምልክቱ ልጅ አዋቂ አይልም፣ ወይዘሮ እስከዳር።»

«ሊነግሯት ይችሉ ነበር።»

«ነገርኳት እኮ።»

«በሁሉ ፊት?»

«መሪ የሆነችውም በሁሉ ፊት ነው።» ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ብሩሹን አስቀመጠና፣ «ደግሞ ስህተቱ የጥልፍ ነው። ንድፌ ትክክል ነው። አምሳ ዘጠኙ ላይ ትክክል ሆኖ አንዱ ላይ የተበላሸው ለምንድነው? የጠላፊ ነገር ነው። ግን ሕጉ ያው ነው፤ የለበሰ ይጠየቅበታል» አለ።

የጠላፊ ነገር ነው አለኝ… ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም። መንገድ ላይ ባጃጅ ሊገጨኝ ነበር። ባለባጃጁ ሲሳደብ እንኳ መልስ አልሰጠሁም፤ እኔ!

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ሰፈር ውስጥ ልጆች ትሕትና ስታልፍ «ፈረስ!» ይሏታል። ከበስተጀርባ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዞራ ነው የምትሄደው፣ ሃያ ደቂቃ ጨምራ። «መንገዱ ጥላ አለው» አለችኝ። ጥላ!

ቆይ፣ ደመላሽ። ቆይ።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ወረቀቱን አገኘሁት!

ከክር ሣጥኑ ሥር ነበር። አልጣሽ ሱቅ ወስጄ አሳየኋት። አልጣሽ ጎረቤቴ ናት፤ ክርና ቁልፍ ትሸጣለች፣ ወሬም በነጻ። ወረቀቱ ላይ ያለው ፈረስ አንድ ነው፤ ወደ ቀኝ የሚሄድ። ወረቀቱን ቀኝ ክንዴ ላይ ለጥፌ በፊቷ አለፍኩ። «ሄደ!» አለች። ግራ ክንዴ ላይ ለጠፍኩትና አለፍኩ።

«ውይ! ፈረሱ ወደ ጀርባሽ ዞረ።»

ይኸው ነው። ለግራ ክንድ ንድፉ መገልበጥ አለበት። ይሄ የጠላፊ ሀሁ ነው፤ ወረቀቱን ገልብጦ መስኮት ላይ ለጥፎ መቅዳት። እሱ አንድ ብቻ ሣለ። ከሥሩ ደግሞ በራሱ እጅ ጽፏል፤ «ሁሉም በዚህ ንድፍ መሠረት ይሠራ። ያለ ፈቃዴ እንዳይለወጥ።» ፊርማ አለው። ማኅተም አለው። ቀኑ እንኳ አለው!

«ወስደሽ ግንባሩ ላይ አትለጥፊለትም?» አለች አልጣሽ።

«የት? ቢሮው ውስጥ? ሁለታችን ብቻ ሆነን? እሱ የልጄን እጅጌ ቢሮ ውስጥ ነው የቀደደው?»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

አላውቅም ገና። ግን ዛሬ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ራት በላሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? በእግሩ መጣ። ራሱ!

መጋቢት 12 ቀን ቡድኑ በይፋ ይመረቃል፣ ከዞን ሳይቀር እንግዳ ይመጣል። ለሱ አዲስ ጃኬት ተሰፍቷል፣ ባጅ ይፈልጋል፤ በሁለቱም ክንድ፣ ዙሪያው በወርቅማ ክር። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ጥልፍ የሚሠራ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው እንጂ አይመጣም ነበር። አንገቱን ቀጥ አድርጎ ከኔ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያናግረው።

«ንድፉ እርስዎ ጋ አለ።»

«አለ።»

«በዚያው መሠረት ይሥሩልኝ።»

«ምንም ሳልለውጥ?»

«ምንም። ያለፈው ዓይነት ነገር እንዳይደገም።»

«በሁለቱም ክንድ፣ ልክ ወረቀቱ ላይ እንዳለው?»

«አማርኛ ነው እኮ የምናገረው፣ ወይዘሮ።»

ሁለቴ ጠየቅኩት። እግዜር ይመስክር፣ ሁለቴ። ሲወጣ በሩን ይዤ ሸኘሁት፤ «በደህና ይግቡ፣ አለቃ» አልኩት። አፌ ውስጥ እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

የግራውን ጨረስኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥልፍ አልሠራሁም። ጋማው ነፋስ ላይ ተበትኗል፣ ጭራው ቆሟል፣ ኮቴው መሬት አይነካም። እንዲህ የሚያምር ሽሽት ማንም አላየም። ታረቀ ዛሬ መጥቶ ነበር፤ አየውና «ወይ ጉድ፣ የደምበጫ ገበያ ላይ ቢወጣ ይሸጣል» አለ። ለማን እንደሆነ ስነግረው ሳቁን አቆመ።

«ተይው አንቺ ሴት።»

«ምኑን ነው የምተወው? የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት።»

«ፊትሽ እንደዚያ አይልም።»

ትሕትና እንዳታየው በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ለምን እንደምደብቃት… በቃ ደበቅኳት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ገብርኤል መጡ። ጸበል ረጩ። ሲወጡ እንደዋዛ አድርጌ ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ እንደታዘዙት መሥራት ኃጢአት ነው?»

«ማን አዘዘሽ?»

«ጠላቴ።»

ቆም ብለው አዩኝ። «አንቺ ደግሞ ጠላትሽን መታዘዝ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

ብልህ ሽማግሌ። ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ግን ጥልፉን አልፈታሁትም።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

ጃኬቱን አስረከብኩ። ቀኝ ክንዱ ከላይ እንዲሆን አጣጥፌ በጋዜጣ ጠቅልዬ። የላይኛውን አየና «ይሄ ነው!» አለ። ግራውን አልገለጠም። እኔም አልገለጥኩለትም።

ነገ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

ሜዳው ላይ ድንኳን ተጥሎ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ፣ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል። አልጣሽን አስከትዬ ከወላጆች መሐል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ትሕትና በተራ ዩኒፎርም ከተማሪው ኋላ ቆማለች። ከዚያ ካዴቶቹ ወጡ፤ ስድሳ የነበሩት አምሳ ዘጠኝ፣ ማርቲ ከፊት፣ የመሪ ባጅ ገና ስላልተሠራላት የቀኙን ብቻ አድርጋ። እሱ ከጎናቸው። ጃኬቱ አምሮበታል፤ ይሄ እንኳ አይካድም፣ የኔ ሥራ ነው።

አንድ መምህር የምልክቱን ትርጉም በድምፅ ማጉያ ያነባል። ጋሻው፣ ተራራው፣ ጤፉ… ልክ «ፈረሱ፣ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ትውልድ» ሲል ደመላሽ በፊታችን አለፈ፤ ግራ ክንዱ በእንግዶቹ በኩል ሆኖ። ፈረሱ ጋማውን በትኖ ወደ ኋላ ሲጋልብ!

ወደ ሰልፉ ዞር ሲል መጀመሪያ ያየችው ማርቲ ናት። ዓይኗ ሄደ፣ ተመለሰ። አፏን ከፈተች። ዘጋችው። ከዚያ ሁለተኛው ረድፍ አየ፣ ሦስተኛው። ከንፈር ሲነከስ ከሩቅ ይታየኛል። ጩኺ ልጄ፣ ሕጋችሁ አይደል፣ ጩኺ! እላለሁ በሆዴ። ማንም። ዞሮ ተመለሰ፤ አሁን ወደኛ ያለው ቀኝ ክንዱ ነው፣ ደህና ፈረስ። እንደገና ዞሮ በግራው መጣ። ማንም! አምሳ ዘጠኝ ልጅ አንድ ሰው ፈርቶ። ልጄን ፈሪ ያላት ሰው ያስተማራቸው ይሄንን ነው?

እኔ ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

«ፈረስ!»

እንግዶቹ ዘወር ዘወር አሉ። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ «የታለ? የታለ?» ብለው በትራቸውን አነሱ። አልጣሽ ነጠላዬን እየጎተተች «ተቀመጪ፣ አበድሽ!» ትላለች። ካዴቶቹ ግን… አምሳ ዘጠኝ እግር በአንድ ጊዜ መሬቱን መታ። ግው! ቀጥ።

እሱም ቀጥ አለ። ልማድ ነው። ከዚያ «ማን ላይ ነው?» ብሎ ረድፉን ማየት ጀመረ። ቁልፍ አየ፣ ቆብ አየ፣ ክንድ አየ። ማርቲ በሁለት ጣቷ የራሷን ግራ ክንድ ነካች። እሱም ወደ ግራ ክንዱ አጎነበሰ።

ረጅም ጊዜ አየው።

ሲሸሽ አያለሁ ብዬ ነበር። ጃኬቱን አውልቆ፣ በሆነ ሰበብ ወደ ቢሮ። ወይ «ማናት ይቺ ሴትዮ፣ አስወጡልኝ» ብሎ ሲጮህ። ተዘጋጅቼ ነበር፤ ወረቀቱ ጡቴ ሥር ነው! እሱ ግን ከሰልፉ ወጣ። ባንዲራው ምሰሶ አጠገብ ሄዶ ፊቱን ወደኛ አድርጎ፣ ጎኑን ሳይደብቅ ቆመ። ለማርቲ በአገጩ ምልክት ሰጣት፤ እሷ መራች። ፀሐዩ አናቱን ሲመታው፣ ላቡ በአገጩ ሲወርድ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

ውሸት ምን ያደርጋል፣ ያቺን አንድ ሰዓት እያንዳንዷን ደቂቃ አጣጥሜያታለሁ። ይኸው፣ እያልኩ። ይኸው ያንተም ክንድ።

መጨረሻ ላይ ግን ምን ሆነ? ከእንግዶቹ አንዱ ማይኩን ይዞ «ሕግ ለአሠልጣኙም እኩል መሆኑን በተግባር አሳዩን» አለ። ፕሮግራም መስሏቸዋል! ሜዳው በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበለት። አጨበጨበለት! አልጣሽ ሳትቀር!

«አንቺ ደግሞ!» ብላት፣ «ምን ላድርግ፣ ሰዉ ሲያጨበጭብ እጄ ሄደ» አለችኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 13

ትሕትና ከትናንት ጀምሮ አላናገረችኝም። ከቅዳሴ መልስ በር ላይ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ጠየቀችኝ።

«የሳቸውን ግራ ክንድ አውቀሽ ነው የሠራሽው?»

«በወረቀታቸው መሠረት ነው የሠራሁት።»

«አውቀሽ ነው ወይ ነው ያልኩሽ፣ እማዬ።»

«አዎ። አውቄ ነው። ለአንቺ ነው!»

«ለኔ እንዲህ አድርጊልኝ አላልኩሽም።» ቀጥላም፣ «የኔንስ?» አለች።

ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ። ባልዲውን ሳልይዝ።

እዚህ ላይ ልጻፈው እንግዲህ፤ ደብተሩ የኔ ነው፣ ማንም አያየውም። ያን ዓርብ ለብሳ በር ላይ ስትቆም አይቼዋለሁ። ፈረሱ ወደ ኋላ እንደዞረ አይቼዋለሁ። ገና «ልክ ነው?» ሳትለኝ። ወረቀቱን ገልብጬ መቅዳት ነበረብኝ፤ ደክሞኝ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ረሳሁት። ፈትቼ ልሥራው ብል ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እሷም እንዲያ ደስ ብሏት… ማን ያያል አልኩ። ልክ ነው አልኳት።

አንድ ወር ሙሉ ደመላሽን ሳሳድድ ከማን ስሸሽ ነበር?

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

መጣ። ግራውን ባጅ ከጃኬቱ በምላጭ አንድ ክር ሳይበጥስ አንስቶታል። ያን የተቀደደውንም ይዞታል፣ የልጄን፤ ይሄን ሁሉ ቀን መሳቢያው ውስጥ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ማሽኔ ላይ አስቀመጣቸው።

«ለምን?» አለ። ይሄን ብቻ።

ወረቀቱን ሰጠሁት። ፊርማውን አየ። ወረቀቱን ቀኝ ክንዱ ላይ አደረገ። ግራው ላይ አደረገ። እንደገና ቀኙ ላይ። ከዚያ የደንበኛ መቀመጫ ዱካዬ ላይ ቁጭ አለ፤ ሳይጋበዝ።

«ሠላሳ ዓመት ሰልፍ ቆሜያለሁ፣ አሰልፌያለሁ» አለ። «ፈረሱን ስሥል ግን የማየው ወረቀቱን ብቻ ነበር።»

«ልጄ ናት የከፈለችው።»

«አውቃለሁ።» ቀና አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳውን ሳይሆን እኔን አየ። «የኔን አውቀው ነው የሠሩት፤ ይገባኛል፣ አልቀየምም። የሷን ግን… ሲሠሩ አልታየዎትም?»

ሁለቱም አንድ ጥያቄ! ተነጋግረው ነው የመጡ?

«ወረቀቱ የእርስዎ ነው» አልኩ።

«ልክ ነዎት። የኔ ነው» ብሎ ተነሳ። «ሰኞ በሰልፍ ፊት እናገራለሁ።»

«የቀደዱት በሰባት መቶ ፊት ነው።»

«በሰባት መቶ ፊት።»

ሲወጣ በሩን አልያዝኩለትም። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ እኮ። ምነው ታዲያ እንዲህ ከበደኝ?

እሑድ፣ መጋቢት 20

አዲሱን ሠራሁ። ወረቀቱን ገልብጬ መስኮቱ ላይ ለጥፌ፣ በቀን ብርሃን፣ ቀስ ብዬ። ትሕትና ልብስ እያጠበች በመስኮቱ በኩል አሻግራ ታየኛለች።

ሰኞ፣ መጋቢት 21

ጠዋት ሄድኩ። አዲሱን ባጅ በዘበኛው በኩል ለአለቃ አስገባሁ። ነጠላ ለብሼ ከአጥሩ ሥር ቆምኩ፤ ላየው፣ ልጠግበው።

ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ ሃምሳ አለቃ ደመላሽ ከፊት ወጡ። ድምፅ ማጉያ አልያዙም፤ አያስፈልጋቸውም። «ባለፈው በዚህ ቦታ አንዲት ተማሪ ፈሪ ብያለሁ። ምልክቷንም ቀድጃለሁ። ፈረሱ የሸሸው በሥዕሉ ስህተት ነው። ሥዕሉ የኔ ነው። በሌላ በማንም ላይ ስህተት የለም። ትሕትና ታረቀ፣ ወደ ፊት!»

ወጣች። አዲሱን ባጅ ግራ ክንዷ ላይ እሳቸው ራሳቸው በመርፌ ቁልፍ አያያዙላት። ሁለት ጊዜ ጣታቸውን ወጉ። ሰላምታ ሰጧት፣ እሷም ሰጠች። ሰባት መቶ ልጅ ሲጮህ አጥሩ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ማርቲ ቦታዋን ለቀቀችላት፣ እየሳቀች።

እኔስ? ጠግቤ የምሄድ መስሎኝ ነበር። «በሌላ በማንም ላይ ስህተት የለም» ሲሉ አንገቴን ደፋሁ። የኔንም ድርሻ ተሸክመው ነው የቆሙት፤ ያንን ሁሉ ሕዝብ ፊት ለፊት እያዩ። እኔ ልጄን ብቻ ማየት አቅቶኝ።

ለምሳ ስትመጣ ነገርኳት። ሳትቀመጥ። «ያን ዓርብ አይቼው ነበር» አልኳት። «ልክ ነው ብዬ ዋሸሁሽ። ደክሞኝ ነበር፤ ማን ያያል ብዬ ነው።»

ወንበር ስባ ሽሮው ፊት ተቀመጠች። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ቀስ ብላ፣ ክፍል ውስጥ መልስ እንደሚመልስ ሰው፣ «ፈረስ» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። አልሳቀችም። ስለዚህ ከወንበሬ ተነሳሁ። እሷ ተቀምጣ ምሳዋን በላች፣ እጇን ታጠበች፣ ቦርሳዋን አነገተች፣ ባጇን በአውራ ጣቷ አስተካከለች። የከሰዓት ትምህርት አላት። በር ላይ ዞር ብላ አየችኝ። «ግቢ» ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችኝም። ግን በዋናው መንገድ ነው የሄደችው፤ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል አልዞረችም።

አልጣሽ በበሩ አንገቷን አስግጋ ነበር አሁን። «ምነው ተገተርሽ? ወገብሽን አመመሽ እንዴ?»

«ስህተት አለብኝ» አልኳት።

«እና መቆም ነው መድኃኒቱ?»

«ሕጋቸው ነው።»

ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ደብተሩን ማሽኑ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌም ተንጋድዷል። አሁን ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። የምትመጣው አሥር ላይ። ወንበሩ እዚሁ ነው፣ ጉልበቴን ይነካኛል።

አልቀመጥም።